ሳይበስል የጎረስኩት ጎደሬ

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ዛሬ «የሰው አንጎል ያደገው በአደንና በሥጋ ነው» እያልኩ ሳስተምር ዋልኩ። በጾም ስለ ሥጋ ያን ያህል ማውራት ለካ ሆድ ያስጮኻል። ቤት ስደርስ ጎደሬው ገና እየተቀቀለ ነበር። ባለቤቴ «ተው፣ አልበሰለም» እያለችኝ አንዱን አውጥቼ ጎረስኩ። ጉሮሮዬን ሳማ እንደነካው ለበለበኝ።

እሷ በሳቅ ፈርሳ፣ «ሥጋውንማ ጥሬውን ትቆርጣለህ። የሰው ልጅ እሳት ያስፈለገው ለጎደሬ ነው» አለችኝ።

እየሳልኩ አሰብኩበት። እውነቷን ሳይሆን አይቀርም። ደግሞስ ያ ሲወደስ የዋለው አዳኝ ባዶ እጁን የተመለሰ ቀን ምን በልቶ አደረ? መቼም የድንች፣ የጎደሬ ቢጤ ሥራሥር ቆፍራ፣ አብስላ የጠበቀችው ትኖራለች። ነገ ትምህርቱን ከእሷ እጀምራለሁ፤ ድምፄ ከተመለሰ።