የሺምብራሌ መቃብሮች

ጥር 20
ሳቢያን ሰፈር ድረስ በባጃጅ ሄጄ ፓፓያ ገዛሁ። አባ ሌላ ምግብ እምቢ ብሏል… ሁለት ማንኪያ ቀምሶ፣ "ናፊሳ፣ ሺምብራሌ ውሰጂኝ" አለ። ዛሬም!

ጅቡቲ ባሕር ዳር ያለች ጢኒጥ ደሴት ናት፤ የተወለደባት። ስሟ በሶማሊኛ ባለ ወፎቿ ማለት ነው። አይቻት አላውቅም። ግን ከአፉ ምን ያልሰማሁት አለ? ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ተሻግሮ ቅጠሉን የሚበላ ግመል… "ሐምሌ ወፎቹ ጫጩት ይፈለፍላሉ። ያኔ የእነሱ ናት፤ እኛም እግራችንን አናሳርፍም።"

የካቲት 2
ደሴቷ የማን ናት አልኩት። ሳቀ።
"ፈረንሳይ የመርከብ ፋኖስ ተክሎ የኔ አለ። ነጋዴው የኔ አለ። መንግሥትም አለ። ወረቀት ያለው ብዙ ነው፤ መቃብር ያለን እኛ ነን።"

በሽማግሌዎቹ ሕግ ከየትውልዱ አንድ ሰው እዚያ ካልተቀበረ ከቤተሰቡ እጅ ትወጣለች። አያቱ፣ አባቱና እናቱ እዚያ ናቸው። ወንድሞቹ በሰው አገር ተቀበሩ። ከትውልዱ አሁን ያለው እሱ ብቻ።
"ሬሳ ድንበር እስኪያልፍ ይቆያል፣ የእኛ ቀብር ግን አያድርም። በሕይወቴ አድርሺኝ።"
"ከኢድ በኋላ፣ አባ። የረመዳን ሳምቡሳ ትእዛዝ ተቀብያለሁ።"
"ሳምቡሳሽ ከኔ በለጠ?"
ተሳሳቅን። ሰበብ ነው እንጂ… አባቱን ለሞት የሚሸኝ ማነው?

መጋቢት 8
አባ ሞተ። ከሱብሂ ሶላት በኋላ። ከአስር ሶላት በፊት ቀበሩት… እዚሁ ድሬ። ለኢድ ሦስት ቀን ቀርቶት።
የሳምቡሳው ሊጥ ፍሪጅ ውስጥ አለ።

መጋቢት 20
የአጎቴ ልጅ ዐብዲወሊ ከጅቡቲ ደወለ። "ከመቃብሩ እፍኝ አፈር ብልክልህስ?" አልኩት። ሽማግሌዎቹን ጠይቆ መለሰልኝ።
"አብሽሪ፣ አይዞሽ ናፊሳ… ሰው እንጂ አፈር አይቀበርም አሉ። ወላሂ እያለቀሱ ነው ያሉት።"
ደሴቷን ለሌላ ቤተሰብ ሰጧት። እነዚያ ደግሞ መዝናኛ ለሚሠራ ሰው።
ከኢድ በኋላ ያልኩት እኔ… እኔ።

ሐምሌ 4
ዐብዲወሊ ቪዲዮ ላከ። ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። ምንም አታክል! ዛፎቹ ተቆርጠዋል። አሸዋው ላይ ሲሚንቶ ተቆልሏል። ወፎቹ ግን መጥተዋል፤ ከላይ ይዞራሉ።
"አላረፉም?"
"ሦስት ቀናቸው። ሰው ሞላባቸው።"
የባቡር ቲኬት ቆርጫለሁ አልኩት።
"አሁን? ሙቀቱ ይገድልሻል! ከመስከረም በኋላ ነይ።"
"በኋላ አትበለኝ። ሰኞ ነው።"
"እሺ፣ ጀልባ ላዘጋጅ?"
"ተው። ከዳር ቆሜ አያታለሁ። ሐምሌ የወፎቹ አይደል? እግር አይረግጥም።"