ታይሚን አንዴ ብቻ ጠየቅኋት

እሑድ፣ ሰኔ 30
ድንች ስኮተኩት ዋልኩ። ወገቤ... ይቅር። ማታ ልጄ አርቮ ከሚስቱ ከራይሊ ጋር መጣ፤ አዲስ መኪና ገዝቷል። ነገ ሄልሲንኪ ሊወስደኝ ነው። ዋና ከተማሽን ሳታዪ ልትሞቺ ነው ወይ ይለኛል። ከተማው ምን ያደርግልኛል? የምሄደው እዚያ ለምትኖረው ለታናሽ እህቴ ለታይሚ ስል ነው። ሁለታችንም ባሎቻችንን ቀብረናል። ወደ አባታችን ቤት ተመለሽ ልላት ነው። ሌላ የበረዶ ወራት እዚህ ብቻዬን... አልችልም። ለአርቮም አልነገርኩትም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 2
ሁለት ቀን መኪና ውስጥ። ጫካ፣ ሐይቅ፣ ደግሞ ጫካ። እግሬ አበጠ። ራይሊ የደቡብ ሰው ናት፣ ወሬ አታበዛም። ደግነቷ እሱ ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 3
ታይሚ ባርኔጣ አድርጋ ጠበቀችን። የእኛ ቤት ልጅ፣ ባርኔጣ...
መጀመሪያ ነጩ ካቴድራል። ደረጃው አያልቅም። ቀጥሎ በጀልባ ወደ ደሴቱ ምሽግ። መድፍ አየን። አሮጌ መድፍ ለማየት ይሄ ሁሉ መንገድ? ታይሚ በየሐውልቱ ሥር የተጻፈውን ጮክ ብላ ታነብልኛለች።
“ማንበብ እችላለሁ” አልኳት።
“መቼ ተማርሽ?”
“ስልሳ ሊሞላኝ ሲል። አንቺ ትምህርት ቤት ስትሄጂ ላሞቹን ማን ይጠብቅ ነበር?”
ባርኔጣዋን አስተካከለች።
ወደቡ ገበያ ተቀምጠን የተጠበሰ ዓሣ ስንበላ ተናገርኩ። ወደ ቤት ነይ፣ አብረን እንኑር አልኳት። ጓንቷን እያፍተለተለች፣ “ኧረ ተይኝ እቴ፣ ሸክም ልሆንብሽ?” አለችኝ።
እሺ ብዬ ተነሣሁ። ከዚያ ወዲያ ያየሁትን አላስታውስም። ትራም ነበር መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 4
ጠዋት ከታይሚ ጋር ስንሰነባበት እንደ ባዳ ተጨባበጥን። ጉዞ ወደ ሰሜን። የላህቲን ከተማ እንዳለፍን ራይሊ በቅቤ የተቀባ ዳቦ አወጣች። ይብሉ እንጂ አለችኝ። ኧረ ተይው ልጄ አልኩ። መልሳ ቅርጫቱ ውስጥ ከተተችው።
እኛ ዘንድ እንግዳ ሁለቴ እምቢ ይላል፣ በሦስተኛው ይቀበላል። በመጀመሪያው እጁን የሚዘረጋ ስግብግብ ነው። አንዴ ብቻ ጠይቆ የሚተው ደግሞ ከልቡ አይደለም። ይህን እንኳ ሳያስተምሯት ነው የዳሯት? ርቦኛል፤ በሆዴ እሰድባታለሁ። ኧረ ተይው ስላልኩ ብቻ...
ታይሚስ ምን ነበር ያለችኝ? ኧረ ተይኝ። እኔስ? ስንት ጊዜ ጠየቅኋት?
“አርቮ፣ መኪናውን አዙረው።”
“ምን ረሳሽ እማዬ?”
“እህቴን።”
በሩን ስትከፍትልኝ ዓይኗ ቀልቷል። ነይ አልኳት። ለምን ትቸገሪያለሽ አለች። በሩን ደገፍ አልኩ። “ነይ ታይሚ።”
“መቼም ይሄን ያህል ካልሽ...” አለችና ሻንጣዋን ፍለጋ ገባች።

ሰኞ፣ ሐምሌ 8
ደክሞኛል። ምድጃው አጠገብ ያለውን አልጋዬን ወስዳብኛለች። ታንኮራፋለች። የእንፋሎት መታጠቢያውን፣ ሳውናውን አሞቅሁላት፣ ሙቀቱ በዛብኝ አለች፤ ጀርባዋን አሸሁላት፣ ጠንክረሽ አለች። የላሞቹን ነገር ገና አልጨረስንም። ለበረዶው ወራት አቆይቼዋለሁ።