ለግራ እግሬ ቀረጥ ለሚያሰላው ክፍል

ለተከበሩ የጉምሩክ መሥሪያ ቤት የዋጋ ትመና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አንድ ጫማ ስለማስለቀቅ

ክቡር ሆይ፣

እርስዎም ባልደረቦችዎም፣ እነዚያ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው የሚባሉት ሳይቀሩ፣ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ወንበራችሁ እንዲመቻችሁ፣ ማኅተማችሁም ቀለም እንዳያጣ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጎረቤቴ ግን ደህና አይደለም፤ የኔ ጉዳይ ያለ እሱ ስለማይገባዎ አስቀድሜ የሱን ልንገርዎ።

ጎረቤቴ ከኔ በታች ባለው ፎቅ የሚኖር፣ ግድግዳና ኮርኒስ በጄሶ የሚለስን ሰው ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ባለጄሶው ይለዋል። ዝናቡ ሊገባ ሲል ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ሐኪሞቹ ብረት አስገብተውለት ወደ ቤቱ ቢመልሱትም እስከ ዛሬ ከአልጋው አልወረደም። ሚስቱ ደግሞ ስኳሯ አላስቀምጥ አላስቆም እያላት እሱን ማገላበጥ አቅቷታል። ሌላ ከተማ ያለችው ልጃቸው ሁለተኛ ልጇን አርግዛለች፤ ይሁንና እናትና አባቴ እንዲህ ሆነው አይቀመጡም ብላ በሚመጣው ቅዳሜ መኪና ይዛ መጥታ ጠቅልላ ልትወስዳቸው ነው። ቤቱን እንደሚለቁም ለአከራዩ አስታውቀዋል። ከዚያ ወዲያ እንደማይመለሱ ሁላችንም እናውቃለን።

ይህ ከጉምሩክ ጋር ምን አገናኘው ይሉ ይሆናል። የሚያገናኘው የኔ ግራ እግር ነው።

በልጅነቴ ታምሜ ግራ እግሬ ከቀኙ አራት ጣት ያህል አጥሮ ቀርቷል። ሶሉ በዚያው ልክ ከፍ ያለ ጫማ ካደረግሁ እንደማንም ሰው እሄዳለሁ፤ ካላደረግሁ ግን ግድግዳ እየያዝኩ ከመኝታ ቤት ኩሽና ብደርስ ነው። ደረጃው አይታሰብም፤ መደገፊያ ብረቱ ለጥገና ተብሎ ከተነቀለ ሰንብቷል፣ ጥገናው ግን ገና አልሰማም መሰለኝ አልመጣም። አሮጌው ጫማዬ ለሁለት የተሰነጠቀው ባለጄሶው በወደቀ ሰሞን ነበር። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ እሱ ከታች ተኝቶ፣ እኔ ከላይ ተቀምጬ፣ መካከላችን አንድ ወለል ብቻ እያለ ከወደቀ ጀምሮ ዓይኑን አላየሁትም። ሲያስል እሰማዋለሁ። ሳል ሲያበዛ ወለሉን በመጥረጊያ እንጨት መታ መታ አደርግለታለሁ፤ አለሁ ለማለት ነው።

ሰው አላዘነልኝም ማለቴ አይደለም። የሥራ ባልደረቦቹ የሆኑ ሁለት ለሳኞች በወንበር ተሸክመን እናውርድሽ ብለው አንድ ቀን ሞክረውልኝ ነበር። እኔ እንደሆንኩ ቀጭን ሴት አይደለሁም፣ ደረጃውም ጠባብ ነው፤ መታጠፊያው ላይ አንደኛው ሲንሸራተት ሦስታችንም ግድግዳው ላይ ተለጠፍን። ከዚያ ወዲያ እኔም አልጠየቅሁ፣ እነሱም አልደገሙት። ስልክ አለልሽ አይደል እንዳይሉኝ፣ ባለጄሶው ስልክ ላይ እሺ፣ እሺ፣ በይ ደህና ዋይ ከማለት ሌላ የማያውቅ ሰው ነው። ፊት ለፊት ሲቀመጥ ግን ወሬው ማለቂያ የለውም፤ ባሌ ከሞተ ጀምሮ የማመሸው እነሱ ቤት እየወረድኩ፣ እሱ የየሰዉን ቤት ኮርኒስ ሲያማ፣ ሚስቱ ውሸት ነው ስትል እየሰማሁ ነበር።

አሁን ወደ ጫማው። ስንት ዘመን ጫማዬን ሲሠራልኝ የኖረው የሰፈራችን ጫማ ሰሪ ልጁ ዘንድ ሊኖር ባሕር ማዶ ተሻግሯል። አሮጌው ማርጀቱን አይቼ እዚህ ያሉትን ሞክሬያለሁ፤ አንዱ የሠራልኝ ከጫማ ይልቅ ለጀልባ ይቀርብ ነበር። በመጨረሻ ለጫማ ሰሪው ባስነግር፣ እግርሽን አልረሳሁትም፣ ነገር ግን እግርም እንደ ሰው ይለወጣልና ፎርማውን አሠርተሽ ላኪልኝ አለኝ። ፎርማ ቆዳው የሚወጠርበት የእግር ቅርጽ ነው። ፎርማውን ገና ሳይወድቅ ባለጄሶው ሠራልኝ፣ ላክሁት፣ ጫማውም ተሠርቶ መጣ። ይኸው በመጋዘናችሁ ተቀምጧል። በአውቶቡስ ቅርብ ነው ይላሉ፣ መሄድ የሚችሉ ሰዎች።

ስለ ተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ጥንቃቄያችሁ። ብዛት በሚለው ቦታ ላይ አንድ ብዬ ብሞላ፣ ጫማ የሚቆጠረው በጥንድ በመሆኑ ሌላኛው የት እንዳለ እንዳስረዳ በደብዳቤ ታዘዝኩ። ቀኝ እግሬ ጤነኛ ስለሆነ ጫማው ከገበያ እንደሚገዛለት፣ ለሱ ሲባል በጥንድ የተገዙት ግራ ጫማዎች ደግሞ ሳይረገጡ አልጋዬ ስር ተደርድረው እንደሚገኙ በትሕትና አስረዳሁ። በቀጣዩ ደብዳቤ እነዚያ አልጋ ስር ያሉት ከውጭ የገቡ መሆን አለመሆናቸውን ጠየቃችሁኝ። ብቻዋን ለምትኖር ሴት አልጋዋ ስር ምን እንዳለ የሚጨነቅላት መሥሪያ ቤት መኖሩ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛ፦ ስለ ግምታችሁ። ጫማ ሰሪው የእጁን ዋጋ አላስከፈለኝም፤ የቆዳውንና የሶሉን ብቻ ነው የጻፈልኝ። እናንተ ግን በዚህ ዋጋ የሚሠራ ጫማ የለም ብላችሁ ተመሳሳይ ያላችሁትን ፈልጋችሁ አገኛችሁልኝ፤ ዕቃውን እንዲያስለቅቅልኝ የያዝኩት ትራንዚተር ሥዕሉን በስልኩ አሳየኝ። እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ታኮው እንደ እርሳስ የቀጠነ፣ በጎኑ ወርቃማ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ቦት ጫማ ነው። ያንን ቦት ከምታደርግ ሴት ጋር ተመሳሳይ መባሌን ለባለጄሶው ሚስት በስልክ ብነግራት ስኳሯን እስክትረሳ ሳቀች።

ሦስተኛ፦ ስለ ኢንሹራንስ። የጫማ ሰሪው ልጅ የመላኪያውን ከፍሎ ኢንሹራንስ ግን አልገባለትም፤ ማን ይሰርቀዋል ብሎ ነው። እናንተ ቢገባለት ኖሮ ይከፈል የነበረውን አስባችሁ ጨመራችሁ። ባልተገባ ኢንሹራንስ ቀረጥ እንደሚከፈል አላውቅም ነበር፤ ከዚህ በፊት ለግራ እግሬ እንዲህ የሰጋለት አልነበረምና ተመስገን ነው።

አራተኛው ረዘም ይላል፣ ይታገሱኝ። ወረቀታችሁ፣ ገዢው ለሠሪው ያቀረበው ዕቃ፣ መሣሪያ ወይም ፎርማ ካለ ዋጋው ይገለጽ ይላል። ትራንዚተሩ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ እትዬ እቺን ዝለያት፣ ማንም አይሞላትም አለኝ። እኔ ግን የሚጠይቅ ሰው ሊያውቅ ፈልጎ ነው የሚጠይቅ ብዬ ፎርማ ከጄሶ፣ በጎረቤቴ የተሠራ ብዬ ጻፍኩ። ክቡር ሆይ፣ ጥፋቴ ይህ ነው። ባልጽፈው ኖሮ ጫማዬን ካደረግሁ ሰንብቼ ነበር።

የፎርማውን ዋጋ በደረሰኝ እንዳቀርብ ጻፋችሁልኝ። ጄሶው ከአንድ ክሊኒክ ኮርኒስ የተረፈ መሆኑን፣ እግሩም የራሴ መሆኑን፣ ለሁለቱም ደረሰኝ እንደሌለኝ መለስኩ። እንግዲያውስ የሠሪው ጉልበት ስንት እንደሆነ ይነገረን አላችሁ። ጉልበቱን ልንገርዎ፦ ከሥራ ሲመለስ ልብሱን እንኳ ሳይለውጥ በባልዲ ጄሶ ይዞ ወጣ፤ እግሬን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ አስገባሁ፤ ሚስቱ እንዳልነቃነቅ ጉልበቴን ይዛ ቁጭ አለች። ጄሶው ሲረጋ ይሞቃል፣ ያንን አላውቅም ነበር፤ ከመሞቁ ይልቅ ደግሞ መኮርኮሩ። እኔ ስስቅ ጄሶው ተሰነጠቀ፣ እንደገና ተደረገ፣ እሷ ስትስቅ ደግሞ ጉልበቴን ለቀቀችው። ሦስተኛው ላይ ባለጄሶው፣ ኮርኒስ ይሻለኛል፣ ኮርኒስ አይስቅም አለን። ከዚህ ውስጥ ቀረጥ የሚከፈልበት የትኛው እንደሆነ ቢያመለክቱኝ ደስ ይለኛል።

ይህንንም ጽፌ ላክሁ። መልሱ፣ የፎርማው ሠሪ በአካል ቀርቦ ዋጋውን በፊርማው እስካላረጋገጠ ድረስ ጉዳዩ አይታይም የሚል ነው። ዳሌው መሰበሩን፣ አልጋ ላይ መሆኑን አመለከትኩ፤ ወይ አንድ ሠራተኛ ላኩለት፣ አለዚያ ቃሉን በጽሑፍ ተቀበሉት አልኩ። እስካሁን መልስ የለም። ሚስቱ ነገሩን ስታጫውተው፣ እኔ የጎረቤት እግር ዋጋ ጠርቼ አላውቅም፣ አሁንም አልጠራም፣ ንገሪያት ብሏል። በእልኸኝነቱ ከናንተ አያንስም።

አምስተኛውና የመጨረሻው፦ ዕቃው ሲለቀቅ ባለቤቷ መታወቂያዋን ይዛ ራሷ መጥታ ትረከብ የሚለው መመሪያችሁ ነው። ጫማውን ለመውሰድ ጫማውን አድርጌ ልምጣ ማለት ነው። ይህን ያወጣውን ሰው አንድ ቀን ባገኘው ደስ ይለኛል፤ እሱ ቢመጣ ይሻላል እንጂ።

እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ዘንድሮ እንደናንተ የጻፈልኝ ሰው የለም። የወንድሜ ልጆች በበዓል ይደውላሉ፣ እነሱም ሥራ አለባቸው። የምድር ቤቱ ባለሱቅ በገመድ በማወርደው ዘንቢል ዳቦና ሳሙና ታስገባልኛለች፤ እንደምን አደርሽ የምንባባለው እኔ በረንዳ፣ እሷ መንገድ ላይ ሆነን ስለሆነ ከጩኸቱ የተነሳ ረጅም ነገር አይወራም። ከዚህ ሌላ በሬን የሚያንኳኳው የናንተ ደብዳቤ ነው። አንዳንዴ ፖስታውን ወዲያው አልከፍተውም፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ሥራዬን ስሠራ እውላለሁ፣ ቤት ውስጥ እንግዳ የተቀመጠ ይመስለኛል። ከታች ያለው ቤት ሲዘጋ ደግሞ የማንን ሳል እንደምሰማ እንጃ። እናንተ ጋ የሚያስል ካለ ብትልኩልኝ።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። ቀረጡን እንደወደዳችሁ አስሉት፤ ከነሰንሰለቱ፣ ከነኢንሹራንሱ፣ ከሳቁም ላይ ቢሆን ቁረጡበት፣ እከፍላለሁ። ጫማዬን ግን ከቅዳሜ በፊት ስጡኝ። አንድ ፎቅ ወርጄ አልጋው አጠገብ ልቀመጥ፤ ሌላ የምሄድበት የለኝም።

ለሰጣችሁኝ ትኩረት፣ ለጻፋችሁልኝ ደብዳቤ ሁሉ፣ አልጋዬ ስር ለጎበኛችሁበትም ትጋት ጎንበስ ብዬ፣ እርግጥ ግድግዳ ይዤ፣ እጅ እነሣለሁ።

በአንድ እግሯ ቆማ የምታከብርዎ
የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለትራንዚተሩ (ያልኩሽን ብትሰሚ ኖሮ ማለቱን እንዲተው)
ለምድር ቤቱ ባለሱቅ (በር ላይ እንድትለጥፈው፣ በዘንቢሉ ይወርዳል)
ለባለጄሶው (ሚስቱ ጮክ ብላ እንድታነብለት)

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በዘንቢሉ ሳላወርደው ቅዳሜ የተባለው ሐሙስ ሆነ። ልጅቷን ሐኪሟ ከዓርብ ወዲያ መንገድ አትሂጂ ስላላት ዛሬ ጠዋት መጥታ ወሰደቻቸው። ሚስቱ ለስንብት ብላ ወጥታ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ በይ እንግዲህ አትጥፊ አለችኝ፣ የምሄደው እኔ ይመስል። እሱን በቃሬዛ ሲያወርዱት በሬ ላይ ቆሜ ነበር፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ስለማይታይ ያየሁት የተሸካሚዎቹን እጅ ብቻ ነው። ከታች ሆኖ ተጣራ።

«አንቺ! ያንን ጫማ ሲሰጡሽ መጀመሪያ እኔ ዘንድ ነው የምትመጪው፣ ሰማሽ?»

ሰማሁ አልኩት።

ከቀትር በኋላ አንድ አዲስ ፖስተኛ ከናንተ ሁለት ደብዳቤ ይዞ መጣ። አንደኛው ለኔ ነው፤ የፎርማው ሠሪ ቀርቦ ቃሉን እስኪሰጥ ጉዳዩ በይደር እንዲቆይ ተወስኗል ይላል። ሁለተኛው በስሙ ለባለጄሶው የተጻፈ መጥሪያ ነው። በመጨረሻ ስላስታወሳችሁት እግዜር ይስጥልኝ። ፖስተኛው የታችኛውን በር ብዙ አንኳኩቶ የሚከፍት አጥቷል፤ ላቡን ጠርጎ መጥሪያውን እጄ ላይ አስቀመጠልኝና፣ «እትዬ፣ ሲወርዱ ያድርሱልኝ» ብሎኝ ሄደ።