የዩምና ወረቀቶች

ኮዬ ፈጬ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለላጢፋ፤

የአላህ ሰላምና እዝነት ካለሽበት ይድረስሽ። እህትሽና ልጆቿ እንዴት ናቸው? ጉልበትሽን ከብርድ ጠብቂው፤ ኮምቦልቻም ቢሆን የኅዳር ንጋት አይታመንም። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ኢሱዙዋ አሁንም ትሠራለች፤ ማርሿ አንዳንዴ ያስቸግረኛል እንጂ ከሥራ አላስቀረችኝም። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። በረንዳው ላይ የተከልሻት ጤና አዳም አልደረቀችም፤ ዕቃ ያጠብኩበትን ውኃ አጠጣታለሁ።

ስልክ ስደውል እንደማታነሺ አውቃለሁ፤ አልወቅስሽም። ይህን ደብዳቤ የላክሁልሽ የኮምቦልቻን መስመር በሚሠራው በሸኪብ እጅ ነው። ካንቺ ሌላ ለማንም እንዳይሰጥ አደራ ብዬዋለሁ። እባክሽ አንብበሽ ሳትጨርሺ አትቅደጂው። የዩምናን ወረቀቶች ነገር ዳግመኛ እንዳላነሳብሽ አስጠንቅቀሽኝ ነበር። ዛሬ ግን እነሱን ሳላነሳ ልነግርሽ የማልችለው ነገር አለ።

ልጃችን ያን ወረቀት መሰብሰብ ስትጀምር ሁለታችንም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ያመጣባት አመል ነው ብለን ነበር። እዚህ ከተማ ያለው ሙዚየም በሃምሳዎቹና በስልሳዎቹ ለኤግዚቢሽን ያሳተመውን ፖስተር፣ የመጥሪያ ካርድ፣ ጫፉ የተቀደደ የመግቢያ ትኬት ሳይቀር ከየአሮጌ መጽሐፍ ሻጩ እየለቀመች ትመጣለች። አንቺ «ያለቀ ዝግጅት መጥሪያ ምን ያደርግልሻል?» ትያት ነበር። እኔም ከዚህ የተሻለ አልገባኝም። አንድ ቀን ሁለት ፖስተር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ። አንደኛው ላይ አንድ ትልቅ ቀይ ክብና ከሥሩ አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው ያለው።

«ግማሹ ባዶ ነው እኮ፤ ቀለም አልቆባቸው ነው?» አልኳት።

ሳቀች። «አባዬ፣ ደህና አድርገህ እየው። እንስራን ከላይ ሆነህ ስታየው ነው።»

አየሁት፤ እውነትም እንስራ ነበር። ሁለተኛው በቀጫጭን መስመር የተሠራ የሽመና ነው። የሁለቱም ሠሪ ወልደየሱስ የሚባሉ፣ ውጭ ተምረው የመጡ ሰው እንደሆኑ፣ ከሦስት ቀለም በላይ እንደማይጠቀሙ፣ ሥራቸውንም ዛሬ የሚያስታውሰው እንደሌለ ነገረችኝ። ከሦስቱ የእጅ ሥራ ፖስተሮች የመጨረሻውን፣ የሰፌድና የመሶብ ስፌቱን ግን የትም ፈልጋ አላገኘችውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ዕቃ ለማራገፍ የገባሁበትን ቤት ሁሉ ግድግዳውን ሳላይ አልወጣም ነበር።

አሁን ወደዚያች ማክሰኞ ልምጣ።

ያንቺን ሐሳብ አውቀዋለሁ። ልቧ ከልጅነቷ ጀምሮ የታመመ ስለሆነ፣ ትኩሳት ከነካት በዚያው ቀን ሐኪም ቤት እንድትሄድ ስንት ጊዜ አስጠንቅቀሻታል። እሷ ግን ትኩሳቷን ደብቃ፣ አንድ ሽማግሌ ለማየት በሐምሌ ዝናብ ወጣች ብለሽ ነው የምታምኚው። ለቅሶው ላይ «ልጄ ለወረቀት ብላ ሞተች፤ ሰምታኝ ቢሆን ኖሮ» ስትዪ ሰው ሁሉ ሰምቷል። አርባዋ ሲወጣ መቃብሯ ዘንድ ሄደን፣ ከመኪናው አልወርድም ያልሽው ተቆጥተሻት እንደሆነ ገብቶኛል። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ዝም አልኩ።

ላጢፋ፣ ዩምና ሰምታሻለች። ያልሰማሁሽ እኔ ነኝ።

ሽማግሌውን፣ ጋሽ ወልደየሱስን፣ ያገኘኋቸው እኔ ነበርኩ። አንድ ወር ሙሉ ሾፌሩን ሁሉ ስጠይቅ ከርሜ፣ ቃሊቲ ከአሮጌው ወፍጮ ቤት ጀርባ እንደሚኖሩ ደረስኩበት። ለማክሰኞ አራት ሰዓት ቀጠሩኝ። ለዩምና የነገርኳት በዚያው ቀን ጠዋት፣ አንቺ ሳሪስ ወደ ሱቅሽ ከሄድሽ በኋላ ነው። ደስ አላት፤ ግን መኪናው ውስጥ ገብታ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደገፈች።

«አባዬ፣ ሰውነቴ ደስ አላለኝም። ትኩሳት ሳይኖረኝ አይቀርም። እማዬ ያለችውን ታውቃለህ፤ መጀመሪያ ሐኪም ቤት እንሂድ» አለችኝ።

ግንባሯን በእጄ ነካሁት። ትኩስ ነበር።

«አንድ ሰዓት ብቻ። ሰውየው እየጠበቁን ነው፤ ከእሳቸው ቤት በቀጥታ እንሄዳለን» አልኳት።

«ነገ ቢሆንስ?»

«ትልቅ ሰው ቀጥረን እንዴት እንቀራለን?» አልኳት። ስለ ቀጠሮው አልነበረም፣ ላጢፋ። ሽማግሌውን ስታያቸው ፊቷን ማየት ፈልጌ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የሰጠኋት ጫማና የትምህርት ቤት ክፍያ ነው፤ እሷ የምትወደውን ነገር በራሴ ፈልጌ ሳገኝላት ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ትኩር ብላ አየችኝና፣ እኔን ላለማስቀየም መሰለኝ፣ «እሺ» አለች።

አንድ ሰዓት ያልኩት ሦስት ሰዓት ሆነ። ሽማግሌው የጥንት ንድፋቸውን ከሣጥን እያወጡ አሳዩዋት፤ እሷ እየሳቀች ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች። እኔ በሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ ኩራት ሲሰማኝ ነበር። ስንመለስ ቃሊቲ መናኸሪያ ጋ ስንደርስ ያንቀጠቅጣት ጀመር። የቀረውን ታውቂዋለሽ። ሐኪም ቤቱ ድረስ ሮጠሽ መጥተሽ «መቼ ነው የጀመራት?» ስትዪኝ፣ «አሁን፣ ስንመለስ» አልኩሽ። ሦስት ቀን አብረን ስንቀመጥ እውነቱን ልነግርሽ እችል ነበር። አልነገርኩሽም። ከሞተች በኋላ ሐኪሙን ብቻዬን አግኝቼ፣ ጠዋት ብናመጣት ኖሮ ትተርፍ እንደነበር ጠየቅሁት። «ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል» አለኝ።

«ወይ ያን ወረቀት አውጣው፣ ወይ እኔ እወጣለሁ» ስትዪ ያላወጣሁት አንቺን ንቄ አይደለም። ደብተሯን አይቼ ነበር። ለእያንዳንዱ ወረቀት ከየት እንዳገኘችው፣ ማን እንደሰጣት ትጽፋለች። የዚያን ማክሰኞ ገጽ ላይ፣ ከትኩሳቱ ይሆናል ፊደሉ ተዛንፏል፣ «ከጋሽ ወልደየሱስ የተሰጠ የመጥሪያ ካርድ። ሰውየውን ያገኘልኝ አባዬ» ይላል። ይህን አንብቤ እንዴት አውጥቼ ልጣለው? ላንቺስ እንዴት ላሳይሽ?

ባለፈው ጥቅምት አቃቂ ውስጥ አንድ አሮጌ ቢሮ ሊፈርስ ሆኖ ዕቃውን እንዳጓጉዝ ጠሩኝ። መገርሳ የሚባል የዚያው ሰፈር ተወላጅ ነው ዕቃውን የሚያስረክበኝ። የመጨረሻውን ቁም ሣጥን ስንገለብጠው ጀርባው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ከመሐል ተነስቶ እየሰፋ የሚሄድ ቢጫ ክብ፣ በክብ ላይ ክብ። ከሥሩ አንድ መስመር ጽሑፍ። የስፌቱ ነበር።

«አቧራ እንዳይገባ አባቴ የለጠፈው ነው። እዚህ ነበር የሚሠራው» አለኝ መገርሳ። «ትፈልገዋለህ እንዴ?»

«ልጄ ትፈልገው ነበር» አልኩት።

መገርሳ እርጥብ ጨርቅ አምጥቶ እያረጠብን፣ እሱ ባንድ በኩል እኔ ባንድ በኩል፣ እስከ ቀትር ድረስ ቀስ ብለን አላቀቅነው። አንደኛው ጥግ ብቻ ተቀደደ። ጋቢና ውስጥ አስቀምጬው ሞተር ሳስነሳ «ዩምና፣ አገኘነው» አልኩ፤ ድምፅ አውጥቼ። ከዚያ ሞተሩን መልሼ አጠፋሁት።

የማሳየው ሰው ስለሌለኝ ለሽማግሌው ወሰድኩላቸው። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠግተው ቢጫውን በጣታቸው ሲዳስሱ ቆዩና፣

«ልጅቷስ? ለምን ይዘሃት አልመጣህም?» አሉኝ።

«እዚህ በመጣን በሦስተኛው ቀን ሞተችብኝ» አልኳቸው።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «እጇ ይፋጅ ነበር» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«ስትጨብጠኝ እጇ ይፋጅ ነበር። አሟታል እንዴ ብዬ አስቤአለሁ። ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ ስለዚህ ሥራ ቤቴ ድረስ መጥቶ የጠየቀኝ ሰው የለም። እንድትሄድብኝ አልፈለግሁም። አይቼ ዝም አልኩ።»

«እኔም አውቅ ነበር፣ ጋሼ» አልኳቸው። ይህ ነገር ከአፌ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሁለት ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀምጠን አለቀስን።

ስነሳ እጄን ያዙና «ለእናቷ ነግረሃታል?» አሉኝ።

«አልነገርኳትም።»

«እኔ እውነቱን የምነግራት እናት የለችኝም። አንተ ግን አለችህ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

አስተማሪዋ ሳምራ መጥታ ነበር። ወረቀቶቹ በዩምና ስም ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዲቀመጡ ትፈልጋለች፤ ተማሪዎቹ ያዩዋቸዋል አለችኝ። እናቷን ሳልጠይቅ መልስ አልሰጥም አልኳት። ስጥ ካልሽኝ እሰጣለሁ። ላንቺ አምጣልኝ ካልሽኝ ራሴ ጭኜ አመጣልሻለሁ። አጥፋው ብትዪኝም አልከራከርሽም፤ ያቺን የደብተር ገጽ ብቻ ተዪልኝ።

ይቅር በዪኝ ብዬ አልጽፍልሽም፤ የሚገባኝ አይመስለኝም። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ እሷን አትቆጫት። በሶላትሽ መሐል ስሟን ስትጠሪ ቂም ሳይኖርብሽ ጥሪያት። ቁጣሽ ለእኔ ይሁን፤ እችለዋለሁ።

የጉልበት ቅባትሽንና የክረምቱን ጋቢሽን ለሸኪብ ሰጥቼዋለሁ። የቤቱን ትርፍ ቁልፍ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ዙለይኻ ጋ አስቀምጬዋለሁ፤ እኔ አብዛኛውን ቀን መንገድ ላይ ስለምውል፣ ሰው ቢመጣ በር ላይ እንዳይቆም ብዬ ነው።

አላህ ልብሽን ያሳርፍልሽ። እኔ የነሳሁሽን እንቅልፍ እሱ ይመልስልሽ። ለልጃችን ጀነትን ይወፍቃት።

የዩምና አባት
ከማለዲን