አኩራፊው የት ደረሰ?

…ፊደሎቹን አንድ በአንድ በምላጭ ፋቃቸው፤ የመጨረሻዋ አልላቀቅ ስትለው አባቴ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ልክ እንደ…

ይቅርታ። ሰላምታ ሳላስቀድም ገባሁ።

ለተከበራችሁ የጌም ማሽን አምራች ኩባንያ የስም አውጪ ክፍል ኃላፊዎች፦ ጤናችሁ የተሟላ፣ የስብሰባ አዳራሻችሁ የሞቀ፣ ትውስታችሁም የማይከዳችሁ ይሁን። ከልቤ ነው፤ በተለይ የመጨረሻውን።

አንደኛ፣ ለማሽኖቻችሁ ስም ስታወጡ የምትደክሙትን ድካም ሳላደንቅ አላልፍም። አንድ ቃል፣ አንድ ቁጥር፣ ሁለት ፊደል፣ ከኋላው ደግሞ «ፕላስ»። ይሁንና እንዲህ ያለ ስም ይዞ ሳሎን የገባ ዕቃ በዚያው ስም ሲኖር አላየሁም። የጎረቤት ልጆች የመጀመሪያውን «ጡብ» አሉት፤ ቀጥሎ የወጣውን «ከሲታው»። እናንተ ስም የምታወጡት ዕቃው ሳይሸጥ ነው፤ ሰው የሚያወጣለት ግን አብሮት ከኖረ፣ ከተናደደበትና ከታረቀው በኋላ ነው።

አባቴ የሱቅ ማስታወቂያ ጸሐፊ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ስም በሰሌዳ ላይ ሲጽፍ የኖረ ሰው፣ በገዛ ቤቱ የፋብሪካ ስም አያስቀምጥም። ፍሪጁ «አጉረምራሚው» ነው። የልብስ ማጠቢያዋ «ዘፋኟ»። የእናንተ ማሽን ደጋግመው ካልለመኑት ስለማይነሣ «አኩራፊው» ተባለ፤ ስማችሁን ከክዳኑ ላይ ፍቆ ይህን በቀይ ቀለም ጻፈበት።

ሁለተኛ፣ ይህ እንኳ እናንተን አይመለከትም፤ አባቴ መርሳት ጀመረ። በመጀመሪያ መንገዱን። ከዚያ የእናቴን መሞት። ከዚያ የእኔን ስም። አኩራፊውን ግን አልረሳም። ከሰዓት በኋላ ጆይስቲኩን ሳስይዘው ፊቱ ይበራና፣ «ነይ አንቺ ተሸናፊ፣ አኩራፊውን ቀስቅሺውና ልቅጣሽ!» ይለኝ ነበር። ስሜ ተሸናፊ ሆኖ ቀረ። ጥሩ ስም ነው። «አንቺ» አለበት።

ሦስተኛ፣ አኩራፊው አንድ ቀን ቢለመንም ቢመታም አልነሣ አለ። ወደ ጥገና ማዕከላችሁ ወሰድኩት። ትሑት ሠራተኛችሁ አገላብጦ አየውና፣ «እህቴ፣ የዚህ ስሙ የታለ?» አለኝ። «አኩራፊው» አልኩት። ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅኩ። አሁን ያ ሳቅ ያሳፍረኛል። ላወጣው ስመለስ፣ የምርት ስሙ የማይነበብ ዕቃ አይጠገንም በሚለው ደንባችሁ መሠረት አኩራፊው ተወግዶ፣ በምትኩ አዲሱ ማሽናችሁ ፕላሱ፣ ያውም በነጻ፣ በካርቶኑ እንዳለ ጠበቀኝ። «ዕድለኛ ነሽ እኮ!» አለኝ ልጁ። ስለ ቸርነታችሁ ምስጋናዬን የምገልጽበት ቃል አጣሁ።

አራተኛ። አራተኛውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

አዲሱ ማሽን አንዴ ሲነኩት ይነሣል። አያኮርፍም። አባቴ መብራቱን አየ። «አኩራፊውስ?» «ይኸው አባዬ፣ ታድሶ መጣልህ።» ቀይ ቀለም ገዝቼ ስሙን ጽፌበት ነበር፤ የአባቴን ፊደል አስመስላለሁ ብዬ። ጠጋ ብሎ በጣቱ ዳሰሰው። «ይሄ የእኔ እጅ አይደለም» አለ። የእኔን ስም የረሳ ሰው የእጁን ጽሕፈት አልረሳም። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየ፤ ኮቱን ቆለፈ፤ «ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤት፣ እርስዎን የማውቅዎት አልመሰለኝም» አለኝ።

እርስዎ።

እናንተን «የተከበራችሁ» እያልኩ ስጽፍ፣ አክብሮት ሰውን ምን ያህል ሊያርቅ እንደሚችል የተማርኩት ከአባቴ አንደበት መሆኑን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። የምለምናችሁም አንድ ነገር ነው። የተወገዱ ዕቃዎች የሚከመሩበት ቦታ ካላችሁ፣ ቀይ ጽሑፍ ያለበት ክዳን ይፈለግልኝ። ማሽኑ ይቅር። ክዳኑ ብቻ።

መልሳችሁን በትዕግሥት፣ እንቅልፍ ባጣ ትዕግሥት፣ የምጠብቅ፣ ለስም አወጣጥ ጥበባችሁ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የቀድሞዋ ተሸናፊ

ማሳሰቢያ፦ ፕላሱ ምን እንደጨመረልን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለማየት ሞከርኩ። አባቴ ሳሎን ገባ። ጆይስቲኩን ዘረጋሁለት። «ነይ በለኝ» አልኩት፤ «ልቅጣሽ በለኝ»። በሁለት እጁ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ አመስግኖኝ፣ «ቤት ተሳስቼ ነው መሰለኝ» አለና ወጣ። በሩንም፣ የሰው ቤት በር እንደሚዘጋ፣ ቀስ አድርጎ ዘጋው።