የሉቅማን ስም ከአፎሻው ግድግዳ ይውረድ

ይድረስ ለተከበሩ ሐጂ ዘካሪያ፣ የሰፈራችን አፎሻ ሊቀ መንበር፤
ድሬዳዋ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለጉልበትዎ፣ ለወገብዎ፣ እንዲሁም በዚህ ሐሩር ከራስጌዎ ለማይለየው ቬንትሌተር ጭምር የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን። ይህን የምመኝልዎት ከልቤ ነው፤ ምክንያቱም ያወጡት አዲስ ደንብ ከጸደቀ በኋላ ድንገት ቢሞቱብን አጥቦ የሚገንዝዎትንና ቆፍሮ የሚቀብርዎትን ሰው ከወዴት እንደምናመጣ ገና አልገባኝም።

ጸሐፊው እኔ ዱዓሌ ነኝ፤ በመልካ ጀብዱ መንገድ ዕድሜዬን ሁሉ ጭነት መኪና ላይ ኩንታል ስሰቅልና ሳወርድ የኖርኩ። በድሬዳዋ አፈር ውስጥ ከተኛው ሕዝብ መካከል በእኔ እጅ ያልተቀበረ የለም። እሺ፣ እኔ ከመወለዴ በፊት የሞቱትን እንቀንሳቸው። ክርስቲያኖቹም የራሳቸው ዕድር አላቸው፣ እነሱንም እንተዋቸው። ጭነት ይዤ ከከተማ የወጣሁባቸውን ቀናትም እናውጣ። የቀሩትንም ቢሆን ብቻዬን ቀበርኳቸው አልልም፤ ሌሎች ሰዎችም አካፋ ይዘው በአካባቢው ይታዩ ነበር። ከዚህ በታች ግን አልወርድም።

ደብዳቤውን የጻፍኩት በገዛ እጄ መሆኑንም ይወቁልኝ። የማታውን መሠረተ ትምህርት ገና መጨረሴ ነው። ቀድሞ ቅሬታ ሲኖረኝ ለጎረቤት ልጆች እየነገርኩ አስጽፍ ነበር፤ እነሱ ደግሞ ጨዋ ስለሆኑ ስድቡን እየዘለሉ ይጽፉታል፤ በዚህ ምክንያት ደብዳቤዎቼ ሁሉ ምስጋና እየሆኑ ይደርስዎት ነበር። በስብሰባ ላይ «ዱዓሌ ወዳጄ ነው» ሲሉ ሰምቼ ብዙ ተቸግሬያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ያ ችግር ተወግዷል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ለሠርጋችንም ለሐዘናችንም በምንሰበሰብበት በአፎሻችን ቤት ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ አስለጥፈዋል። ማስታወቂያው የዘመኑ ወጣት የኑሮ ሙያ ሁሉ እንደጠፋበት፣ ለዚህም ታይዋን ገበያ ውስጥ ጫማ የሚሸጠው ሉቅማን ሕያው ማስረጃ እንደሆነ፣ የገዛ አያቱን የሀዎን መቃብር ቂብላውን አሳስቶ ቆፍሮ ሰፈሩን እንዳዋረደ፣ ስለዚህ ከእንግዲህ ወጣት የተባለ ሁሉ ከጀናዛ ማጠብና ከቀብር ቁፋሮ ተከልክሎ ሥራው ለቅጥረኛ እንዲሰጥ፣ ይህም በመጪው ጁምዓ ከሶላት በኋላ እንዲጸድቅ ይላል። ከተለጠፈ ወዲህ ሉቅማን ሱቁን አልከፈተም፣ መስጊድም አልመጣም። እህቱ እንደነገረችኝ ልብሱን አሽጓል፤ ደንቡ ከጸደቀ ወደ ጅግጅጋ ሊሄድ ነው፤ መመለስም አላሰበም። ስለዚህ ቅሬታዬን ከጁምዓ በፊት በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። ቁጥር ማስቀመጥ የተማርኩት በቅርቡ ነውና ብስት ይታገሱኝ።

1ኛ. ይህ እንኳ ምስጋና ነው። ማስታወቂያዎ ያለ ሰው እርዳታ ያነበብኩት የመጀመሪያው የግድግዳ ጽሑፍ ነው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከዐስር ሶላት ወጥተን ሰው ሲሰበሰብ ሌሎቹን ገፋ ገፋ አድርጌ ፊት ቆምኩ፤ ማንበብ መቻሌን ያልሰማ እንዲሰማም ድምፄን ከፍ አድርጌ ፊደል በፊደል ወረድኩበት። የሰው ስም ላይ ስደርስ ትንሽ ከበደኝ። ሉ አልኩ፤ ቅ አልኩ፤ ማ አልኩ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ቀስ ብላ፣ «አደር ዱዓሌ፣ ይበቃል» አለችኝ። ዞር ብዬ ሳይ የሉቅማን እህት ፈርዶውሳ ሕፃኗን ታቅፋ ቆማለች። እንደ አባቷ ወንድም ቆጥራ አደር ብላ የምትጠራኝ ልጅ የወንድሟን ውርደት ከእኔ አፍ ሰማች። ይህን ሁሉ ዘመን ሳላነብ መኖሬ ለካ ምንም አላጎደለብኝም ነበር። ለመጀመሪያ ንባቤ ይህን ስለመረጡልኝ አላህ ይስጥልኝ።

2ኛ. እናታችን ሀዎ ያረፉ ዕለት ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። እርስዎ፣ ጉልበት ያለው ወጣቱ ነውና እሱ ይሂድ ብለው ሉቅማንንና ጓደኞቹን ወደ መቃብሩ ላኩ፤ ከሽማግሌ ግን አንድ እንኳ አብሯቸው እንዲሄድ አላዘዙም። ሽማግሌው ድንኳን ውስጥ ጥላ ጥላውን ይዞ፣ ጫቱን ከፊቱ ዘርግቶ፣ ስለ ወጣቱ ስንፍና ይወያይ ነበር። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ጉልበቴን አሞኝ ነበር፣ ጫቱም ጥሩ ነበር።

ልጆቹ መቃብር ቦታው ሲደርሱ ሟች ፊቷን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ፣ አድርጋ እንድትተኛ ጉድጓዱ በየት በኩል መዞር እንዳለበት የሚያሳያቸው አጡ። ሉቅማን በስልኩ ላይ ያለውን የቂብላ ማሳያ ከፈተና አፈር እንዳይነካው ብሎ ስልኩን ድጅኖው ላይ አስቀመጠው። ያ ማሳያ ብረት አጠገብ ሲሆን እንደመረቀነ ሰው ቂብላውን በራሱ ሐሳብ እንደሚወስን የነገረው የለም። ዙሪያውን ያሉት የቀደሙ መቃብሮች በአንድ ወገን ተኝተዋል፤ ስልኩ ሌላ ወገን ያሳያል። ልጁ ስልኩን አምኖ ቆፈረ። በማስታወቂያዎ ላይ «የአባቶችን መቃብር ትቶ ስልክ ማመን ምን የሚሉት ድንቁርና ነው» ብለው የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው። እርስዎን እንዳያማክርዎ ደግሞ በዚያች ሰዓት ስልክዎ ባትሪ ጨርሶ ነበር፤ ይህን በእርስዎ ላይ አልቆጥረውም፣ በማንም ይደርሳል።

ጀናዛውን ይዘን ስንደርስ ኢማሙ ጉድጓዱን አየና ቃሬዛው መሬት ይቀመጥ አለ። ሀዎ በዚያ ፀሐይ ጠበቁን። ሉቅማን ከጉድጓዱ ሳይወጣ ቆሞ ቀረ፤ «አዬዮን ጀርባዋን ለቂብላ ሰጥቼ ላስተኛት ነበር» አለ፤ አያቱን የሚጠራቸው እንዲህ ነው። አዲሱን ጉድጓድ ከድንጋዩ ጋር እየታገለ ብቻውን ቆፈረው፤ እናግዝህ ያሉትን ሁሉ አካፋውን አላስነካም አለ፤ በመጨረሻም ጀናዛውን ሊቀበለን አካፋውን ሲያስቀምጥ እጀታው ደም ነበረበት። ሐጂ፣ እርስዎ ይህን አላዩም ብዬ አስባለሁ። መኪናዎ ውስጥ ነበሩ፣ መስታወቱም ዝግ ነበር።

3ኛ. ይህ የፈርዶውሳ ነው። የሁለት ልጆች እናት ናት። ሀዎ አልጋ ከያዙ ጀምሮ ገላቸውን ያጠበች፣ ጥፍራቸውን የቆረጠች፣ ፀጉራቸውን ያበጠረች እሷ ነች። የሞቱ ዕለት ግን በእርስዎ ትእዛዝ በር ላይ የቆሙት ሴቶች፣ ልጅ ነሽ፣ ጀናዛ ስታዪ ትደነግጫለሽ ብለው ከማጠቢያው ክፍል መለሷት፤ ይልቅስ ለለቀስተኛው የታሸገ ውኃ በባጃጅ ጭነሽ ነይ አሏት። ጭና መጣች። ውስጥ ሲያጥቡ የነበሩት አክስት እንደማለት ኤዶ የምንላቸው አሮጊቷ ኢዲል ናቸው፤ ጣሳውን ሁለቴ ጣሉት ብለው ሴቶቹ ራሳቸው ነግረውኛል። በዚህ ሰፈር ሴት ማጠብ የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ቀርተዋል። ነገ እሳቸውን ማን እንደሚያጥባቸው ደንብዎ መልስ አለው፤ የማያውቃቸው፣ ስማቸውን እንኳ ጠይቆ የሚረዳ ቅጥረኛ ያጥባቸዋል።

በሩን እኛ ዘጋን፤ ቁልፉን ኪሳችን ከተትን፤ ከዚያ ውጭ የቆመውን ልጅ ውስጡን አታውቀውም ብለን ከሰስነው። ወላሂ እንዲህ ያለ ፍርድ በሰፈር ኳስ ዳኛ ሆኖ የገባ የቡድን አባት እንኳ አይፈርድም።

ከዚህ በኋላ ያለው ቅሬታ ይሁን ጨዋታ ስላላወቅሁ ቁጥሩን ትቼዋለሁ።

እኔንና እርስዎን ቁፋሮ ያስተማረን ነፍሱን ይማርና ሙመድ ነበር። አካፋ ከመስጠቱ በፊት ያልተቆፈረው መሬት ላይ በቀኝ ጎናችን ያስተኛን ነበር። ተራራው ከጀርባህ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ፊትህስ ወደ ሜዳው ነው ወይ ይላል፤ ነው ካልን በተኛንበት ልክ በእንጨት ዙሪያችንን ይጭርና ተነሱ ቆፍሩ ይለናል። ቂብላን የተማርነው በጎናችን ነው፤ ጠጠሩ እየወጋን ስለተማርነው አልጠፋንም። እርስዎ አንድ ቀን እንደተኙ እንቅልፍ ወስዶዎት ሙመድ ውኃ ረጭቶ እንደቀሰቀሰዎት፣ ደንግጠው ሲነሱም ተራራው የት እንደሄደ እንደጠየቁት አስታውሳለሁ። ሙመድ ስምዎን የትም አልለጠፈውም። እንደገና አስተኛዎት እንጂ።

የማታ አስተማሪዬ ዐማል ደግሞ የልጅ ልጄ ብትሆን የማያስገርም ወጣት ናት። ኩንታል የለመደ ጣቴ እርሳስ በያዘ ቁጥር ጫፉን ይሰብረዋል። እሷ እየቀረጸች ትመልስልኛለች፤ አንድ ቀን ስናደድ፣ «አደር፣ እርሳሱ አይሸሽም እኮ፣ ለምን ያንቁታል?» አለችኝና እጄን ይዛ የስሜን የመጀመሪያ ፊደል አብረን ጻፍን። የዘመኑ ሽማግሌ ፊደል ጠፍቶበታል የሚል ማስታወቂያ በትምህርት ቤቱ በር ላይ አላየሁም። ምናልባት ወረቀት አልቆባቸው ይሆናል።

ወጣቱ ሙያ እየጠፋበት ነው ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ አዎ፣ እየጠፋበት ነው። ቁልፍ ሲወልቅበት ሸሚዙን የሚጥል፣ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ቪዲዮ አንስቶ የሚልክ ልጅ በእኔም ቤት አለ። አልክድም። ነገር ግን ሙያ እንደ ሪዝ በራሱ ጊዜ አይበቅልም፤ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚያልፈው። ሰጪው እጁን ሰብስቦ ተቀባዩን እጅህ ባዶ ነው ብሎ ሲሰድበው ግን እኔ ማን ምን እንደጠፋበት ግራ ይገባኛል።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎት፣ ከጁምዓ በፊት የሉቅማን ስም ከግድግዳው እንዲወርድ፤ ቅጥረኛ ከመፈለግም ይልቅ ከእንግዲህ በየቀብሩ እያንዳንዱ ሽማግሌ አንድ አንድ ወጣት ይዞ እንዲሄድ፤ ፈርዶውሳም ከኤዶ ኢዲል አጠገብ እንድትቆም፣ ጣሳውም በእሷ እጅ እንዲሆን ነው። ልጆቹን ለማስተማር መሬት ላይ መተኛት ካስፈለገ እኔ እተኛለሁ፤ የሚያነሳኝ ሰው ግን ይመደብልኝ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እርስዎ ራስዎ በእግርዎ ወደ ሉቅማን ቤት ሄደው ልጄ አትሂድ እንዲሉት እለምናለሁ። መኪናውን መንገድ ዳር ያቁሙት፤ ሰፈሩ ጠባብ ነው፣ መስታወት ዘግቶ የሚባል ነገርም አይደለም።

ከእግርዎ ሥር ከተነጠፈው ምንጣፍ ትንሽ ዝቅ ብዬ፣ ከቬንትሌተርዎ ንፋስ ጥቂት ራቅ ብዬ፣ መልስዎን በሶላትና በትዕግሥት የምጠብቅ፣ ቀድሞ በጣት አሻራ አሁን በብዕር የምፈርም፣

ታናሽ ወንድምዎ
ዱዓሌ ዐብዲሐኪም

ማስታወሻ፦ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፣ ከአንዷ በቀር። ስልክዎ ባትሪ ጨርሶ ነበር ያልኩት ለክብርዎ ብዬ የፈጠርኩት ነው። ስልክዎ ክፍት ነበር። ሉቅማን ከጉድጓዱ አፋፍ ደውሎልዎ፣ መቃብሮቹ በአንድ ወገን ናቸው፣ ስልኩ ሌላ ይላል፣ ምን ላድርግ ብሎ ጠይቆዎታል፤ እርስዎም «ስልኩን እመን፣ የድሮ ሰው በግምት ነበር የሚቆፍረው» ብለውታል። አብሮት ሲቆፍር የነበረው ሁዘይፋ በጆሮው ሰምቶ ነግሮኛል። ሉቅማን ግን በግድግዳ ላይ ተሰድቦ እንኳ እስከ ዛሬ ለእህቱም አልተናገረም፤ ታላቅ ሰው በአደባባይ አይዋረድም ይላል። እሱ እንዲህ ያለ አስተዳደግ አለው። እኔ ገና እስከዚያ አልተማርኩም።