የሳንቲሟን ስንጥቅ ያነበቡት ወይዘሮ ለተማርያም ኪዳነወልድ

የሐረር የጥንት ገንዘብ መርማሪዎች ማኅበር መሥራች አባሉንና ሰብሳቢውን ወይዘሮ ለተማርያም ኪዳነወልድን ጥር 7 ቀን 1965 ዓ.ም. በሞት ተነጥቋል። ሀዘናችን ከባድ ነው፤ ኩራታችን ግን ይበልጠዋል፤ ይህንንም ሳናፍር እንናገራለን።

ወይዘሮ ለተማርያም በ1898 ዓ.ም. በሐረር ከተማ ተወለዱ። እውነተኛውን ብር ከሐሰተኛው መለየት የተማሩት ከአንጥረኛው አባታቸው ነው። ማኅበሩ በ1940 ዓ.ም. ሲቋቋም ብቸኛዋ ሴት መሥራች ነበሩ።

የጥንት ሳንቲምን በአመድና በሎሚ ፈትጎ ለምርመራ ማምጣት የከተማችን ልማድ ነበር። ይህን ያስቀሩት እሳቸው ናቸው። ከዕድሜው በላይ የሚያብለጨልጭ ብር ሲቀርብላቸው «ምነው ፊቱን ላጣችሁት!» እያሉ ባለቤቱን ከነብሩ ይመልሱት ነበር። ከመካከላችን ያልተመለሰ የለም።

በ1951 ዓ.ም. አቶ ዓሊዪ ሳኒ የተባሉ የድሬ ጠያራ ገበሬ ማሳቸውን ሲያርሱ ያገኟትን፣ ጠቆር ያለች የሐረር አሚሮች ዘመን ሳንቲም ለምርመራ አቀረቡ። በፊቷ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች፣ ከፍ ያለች መስመር ነበረች። ከአምስቱ መርማሪዎች አራታችን መስመሯን የቅርጽ መጋጠሚያ ምልክት አድርገን ቆጥረን «ይህ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ነው» ብለን ፈረምን። ይህ አልበቃን ብሎ አቶ ዓሊዪን አታላይ የሚል ማስታወቂያ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ለጠፍን። ይህን መግለጫ የሚጽፈው ጸሐፊም ከአራቱ አንዱ ነው።

ወይዘሮ ለተማርያም ግን አልፈረሙም። ቃላቸው በቃለ ጉባኤው እንዲህ ሰፍሯል፦ «ይህች መስመር ሳንቲሙ የሚመታበት ማኅተም ሲሰነጠቅ የወጣች ናት። በተመታ ቁጥር ስንጥቁ እያደገ ይሄዳል። ሐሰተኛ የሚሠራ ሰው ግን አንዷን ሳንቲም ቀድቶ ስለሚያፈስ መስመሩ ሁሉ እኩል ይሆንበታል። ሁለተኛዋ ስትገኝ ታያላችሁ። እኔ የሰው ስም አላጠፋም፤ አልፈርምም።»

ወይ ይፈርሙ፣ ወይ የማኅበሩን አጉሊ መነጽር ያስረክቡ ተባሉ። መነጽሩን ጠረጴዛ ላይ አኑረው ወጡ። አራት ዓመት ሙሉ ኤረር በር አጠገብ ባለው ቤታቸው፣ በፀሐይ ብርሃን፣ የመጣላቸውን ሁሉ በነጻ መረመሩ። አቶ ዓሊዪም አራት ዓመት ሙሉ ገበያ በገቡ ቁጥር ይሰደቡ ነበር።

በ1955 ዓ.ም. ጀጎል ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት ሲታደስ፣ ከአያቶች ዘመን ጀምሮ ካልተነካ ግንብ ውስጥ እንደዚያችው ያለች ሌላ ሳንቲም ወጣች። ሁለቱ በማኅበሩ አዳራሽ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የአዲሷ መስመር እዚያው ቦታዋ ላይ ናት፤ ግን በአንዲት የጤፍ ፍሬ ያህል ረዝማለች! አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። እኛ አራታችን የምንገባበት ጠፋን።

በማግስቱ መነጽሩን ይዘን ቤታቸው ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። «እኔን ተዉኝ፤ መጀመሪያ ዓሊዪን እዚያው ስሙን ባጠፋችሁበት ቦታ ይቅርታ ጠይቁት» አሉን። ፈረስ መጋላ መካከል ቆመን፣ በሕዝብ ፊት ጠየቅን። አቶ ዓሊዪ «አልሐምዱሊላህ፣ ስሜ ተመለሰልኝ» ብለው አቀፉን። ወይዘሮ ለተማርያም መነጽሩን የተቀበሉት ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ጉባኤውን መርተዋል፤ ሠላሳ አንድ መርማሪዎችንም አስተምረዋል።

ለልጃቸው ለወይዘሮ ጽጌሬዳ እንደሻው፣ ለወዳጅ ዘመዶቻቸውና እንደ ታላቅ እህት ለሚያዝኑላቸው ለአቶ ዓሊዪ ቤተሰብ ማኅበራችን መጽናናትን ይመኛል።

የ1951 ዓ.ም. ቃለ ጉባኤ ከዛሬ ጀምሮ በጽሕፈት ቤታችን ለማንም እንዲታይ ክፍት ይሆናል። አራት ፊርማ አለበት፤ አምስተኛው ቦታ ባዶ ነው። ከእንግዲህ አዲስ መርማሪ ሁሉ ቃለ መሐላ የሚፈጽመው በዚያ ባዶ ቦታ ላይ እጁን አኑሮ ነው።

ሙሜ ጀማል
የማኅበሩ ጸሐፊ
ሐረር፣ ጥር 9 ቀን 1965 ዓ.ም.